ሀረና፦ ከጥላው በታች ያለው ደን

ባሌ ውስጥ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። ጎባ ላይ ጃኬት ይለበሳል። ከፍ ያለው የሰነቴ አምባ ላይ ሲወጣ "ምነው ጋቢም በያዝኩ" ይባላል። ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ደሎ መና ሲደረስ ጃኬቱ አንድ ጥግ ተጥሎ ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ ይኬዳል። ከውርጭ ወደ ሙቀት፣ ያውም በአንድ ቀን። መሀል ላይ ያለው ሀረና ነው።

በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሰው ሰነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ይፈልጋል። ደኑ ውስጥ ሲገባ አንገቱን አንጋጦ በዛፎቹ ግዝፈት ይደነቃል። ፎቶ ያነሳል፤ ይሄዳል። እኔ ዛሬ አቀርቅረን እንድንሄድ ነው የምፈልገው። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ማን እንዳለ እንይ። ሣሩን፣ ቁጥቋጦውን፣ ገና ጉልበት ያልደረሰውን ችግኝ።

ጥያቄው አንድ ነው። ከዛፍ ሥር የሚበቅለውን የሚወስነው ማነው? ቦታው ነው፣ ማለትም ከፍታው፣ ብርዱ፣ ጉሙ፣ አፈሩ? ወይስ ከላይ ጣሪያ ሆኖ የተዘረጋው ዛፍ? "ሁለቱም" ብሎ መገላገል ይቻላል። መልሱም ስህተት አይደለም። ግን ሀረና ላይ ቆሞ ሲታይ ነገሩ ከዚያ ይጠልቃል። ደግሞም ከጠዋት ቡናችን ጋር ይገናኛል።

ሀረና በባሌ ተራሮች ደቡባዊ ቁልቁለት ላይ ያለ ደን ነው። በሀገራችን ከቀሩት ሰፋፊ ደኖች አንዱ ነው። ደኑን በከፊል የያዘው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ለእኛ ጥያቄ ሀረናን ተመራጭ የሚያደርገው ግን ቅርስነቱ አይደለም፤ ቁልቁለቱ ነው። ከ4,000 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ1,500 ሜትር በታች የሚወርድ መንገድ፣ ግራና ቀኙ ዕፅዋት። ተፈጥሮ ራሷ ያዘጋጀችው ቤተ ሙከራ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ እንውረድ።

ሰነቴ ላይ ጣሪያ የሚባል ነገር የለም። ጅብራው ብቻውን ቆሟል። የቀረው መሬት የያዘ ትንንሽ ቁጥቋጦና ሣር ነው። እዚህ ዳኛው ሌሊቱ ነው። ቀን ፀሐይ ይጠብሳል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ይህን የማይችል ተክል እዚህ ቦታ የለውም፤ ጥላ ኖረ አልኖረ ለውጥ አያመጣም።

ወረድ ሲሉ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ይጀምራል። መጀመሪያ ጉልበት አይደርስም። ትንሽ እንደወረዱ ከሰው ቁመት ያልፋል። ከዚያ ዛፍ ሆኖ ይቆያል፤ ግንዱ የተጣመመ፣ ቅርንጫፉ ላይ የዛፍ ሽበት የተንጠለጠለበት። እረኞች አስታውን አልፎ አልፎ ያቃጥሉታል፣ ለከብት ሣር እንዲወጣ። አስታው በዚህ አይሞትም፤ ከግንዱ እግር እንደገና ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ከሥሩ ያለው ነገር ዙር አለው። ከእሳት በኋላ ብርሃን ይገባል፤ ሣር ይወጣል። አስታው መልሶ ሲያድግና ጣሪያው ሲገጥም ሣሩ ይሳሳል፤ በምትኩ እርጥበት የሚወድ፣ ድንጋይና ግንድ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፍ አረንጓዴ ይተካል። ከፍታው ያው፣ አፈሩ ያው። የተለወጠው ጣሪያው ብቻ ነው።

ሪራ መንደር አካባቢ ኮሶ አለ። ኮሶ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ታሪኩ ይገርማልና። ኮሶ ትልቅ፣ ያማረ ዛፍ ነው። ሴቷ ዛፍ ቀላ ያለ የአበባ ዘለላ ታንጠለጥላለች። ዘሯ ደቃቅ ነው፣ ንፋስ ይወስደዋል። ከዘሩ የሚበቅለው ቡቃያ ብርሃን ካላገኘ አይሆንለትም። ስለዚህ በራሷ በእናቲቱ ጥላ ሥር ልጆቿ አያድጉም። አሮጌ ኮሶዎች ተሰብስበው የቆሙበት ቦታ ላይ ሥራቸውን ብናይ የኮሶ ችግኝ ማግኘት ይከብዳል። ሌሎች ናቸው ያሉት፤ ጥላ የሚችሉት። ኮሶ የሚተካው ዛፍ ሲወድቅ፣ መሬት ሲናድ ወይም እሳት ሲያልፍ በሚከፈተው ቦታ ነው። በተከፈተው ቦታ ደግሞ ከብት ከገባ እሱም ዕድል ያልቃል።

ከኮሶው አለፍ ሲል ቀርከሃ አለ። የቀርከሃ ነገር አጭር ነው፦ ጥቅጥቅ ብሎ ይቆማል፣ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ከሥሩ ብዙ ነገር አያስበቅልም። የባሌ ጦጣ ግን በሱ ነው የሚኖረው።

ከዚያ ዋናው ደን ይመጣል። ጉሙ ሰተት ብሎ ይገባል። ከፍታ በ100 ሜትር በቀነሰ ቁጥር ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ይህ ትንሽ ይመስላል። 2,000 ሜትር ሲወረድ ግን 12 ዲግሪ ነው። ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ዶቅማው ከላይ ይገጥማል። ወለሉ ላይ ፈርን፣ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ተክሎች፣ ሐረግ፣ ቀጫጭን ችግኝ። እንዲህ ያለ ጥቅጥቅ ደን ውስጥ መሬት የሚነካው ብርሃን ውጭ ካለው ከመቶ አምስት እጅ ላይሞላ ይችላል። ያውም የተመረጠ ብርሃን ነው። ከላይ ያለው ቅጠል ለምግብ ማዘጋጃ የሚጠቅመውን ቀይ ብርሃን አስቀድሞ ወስዶታል። ለታች የሚደርሰው የተረፈው ነው። ብርሃን የሚወዱ ብዙ ተክሎች ዘራቸው ይህን ልዩነት ያውቃል። "ከላይ ሰው አለ" ብሎ ሳይበቅል ይቆያል። ጥላ የሚችሉት ደግሞ ይበቅሉና ይጠብቃሉ። በቅጠል መሀል ሾልኮ ለጥቂት ደቂቃ የሚያርፍ የፀሐይ ጭላንጭል ለእነሱ ምሳ ነው።

መጠበቅ የሚለውን ቃል ልብ እንበል። ፕሮፌሰር ደመል ተከታይ በሀገራችን ደጋማ ደኖች አፈር ውስጥ የተቀበረውን ዘር ለዓመታት ካጠኑት አንዱ ናቸው። ከአፈሩ የሚገኘው ዘር በአብዛኛው የሣርና የትንንሽ ዕፅዋት ነው። ትልልቆቹ ዛፎች ብዙዎቹ አፈር ውስጥ ዘር አያከማቹም። ቁጠባቸው ዘር ሳይሆን ችግኝ ነው፤ ከጥላው ሥር ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ ችግኝ። ያ ችግኝ ከተመነጠረ ባንኩ ባዶ ነው።

አሁን ቡናው ጋ ደርሰናል።

ከ1,800 ሜትር ገደማ በታች ከዛፎቹ ሥር የዱር ቡና ይታያል። ማንም ያልተከለው። አረቢካ ቡና በተፈጥሮው የጥላ ልጅ ነው። ሜዳ ላይ በረድፍ ተተክሎ ያየነው ቡና ከቤቱ ወጥቶ የሚኖር ነው። ቤቱ እዚህ ነው፤ ከዛፍ ሥር። ዝንጀሮው፣ ጦጣው፣ ወፉ ቀዩን ፍሬ እየበላ ዘሩን ይበትነዋል። ዘሩ ብዙ አይቆይም፤ በወራት ውስጥ ካልበቀለ ይሞታል። ስለዚህ ቡናም እንደ ዛፎቹ ነው፤ ችግኝ ሆኖ ይጠብቃል።

ከ1,800 በላይ ለምን የለም? ብርዱ ነው። እዚህ ላይ ቦታው ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የተሰመረው መስመር የከፍታ ነው ማለት ነው።

ከመስመሩ በታች ግን ሌላ ነገር እናያለን። አንዱ ቦታ ላይ ቡናው ረጅምና ቀጭን ነው፤ ብርሃን ፍለጋ ተንጠራርቶ ፍሬው ጥቂት ነው። ሌላው ቦታ ላይ ቡናው ጥቅጥቅ ያለ፣ ቅርንጫፉ የበዛ፣ ፍሬው የዘነበለ ነው። ሁለቱ ቦታዎች ጎረቤት ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ የገጀራ ነው።

የቡና ሰዎች እነዚህን በስም ይለያሉ። የመጀመሪያው የጫካ ቡና ነው፤ ይለቀማል እንጂ አይነካም። ሁለተኛው ከፊል የጫካ ቡና ነው። ገበሬው ጥላውን ያሳሳል፤ አንዳንድ ዛፍ ይቆርጣል። ከሥር ያለውን ቁጥቋጦ፣ ሐረግና ችግኝ ይመነጥራል። ምንጣሮው በየዓመቱ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከለቀማው በፊት፤ ለመግባትም ለመልቀምም እንዲመች። ቡናው ከሆነ ግን አይነካም። እንዲያውም ራቁቱን ለቀረው ቦታ ከሌላ ጥግ ችግኝ ይነቀልለታል።

አጥኚ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከላይ እስከ ታች መንገዱን ተከትሎ ዕፅዋት የቆጠረ ሰው አንድ ነገር ያገኛል፦ ከፍታ ሲቀንስ ከዛፍ ሥር ያለው ነገር ይለወጣል። "ከፍታ ነው" ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ግን ቡናው ያለው ታች ነው። ሰውም ጥላ የሚያሳሳው ቡና ባለበት ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ ከፍታና የሳሳ ጣሪያ ተያይዘው ይመጣሉ። የትኛው ነው የሠራው? ከቁጥሩ ብቻ አይታወቅም።

መፍትሔው ቀላል ሐሳብ፣ ከባድ ጉልበት ነው። በአንድ ከፍታ ላይ የተመነጠረና ያልተመነጠረ ደን ጎን ለጎን መፈለግ። በየቦታው የተወሰነ መሬት ይለካል፤ 20 በ20 ሜትር የተለመደ ነው። ዛፉ በዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ለሣሩና ለቡቃያው ደግሞ ውስጡ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ይሰመራሉ። ተንበርክኮ አንድ በአንድ መቁጠር ነው። ጣሪያው የሚለካው በጎበጠች መስታወት ነው፤ እጅ ላይ ይዟት ጎንበስ የሚል ሰው ስንት እጁ ቅጠል፣ ስንት እጁ ሰማይ እንደሆነ ያነባል። ቀና ላለማለት መስታወት መያዝ አይገርምም?

እንዲህ ያለ ንጽጽር በኛ ሀገር ተደርጓል። ተመራማሪው ፈየራ ሰንበታ የዱር ቡና ያለባቸውን አምስት ደኖች አጥንተዋል፦ ሀረናን፣ ቦንጋን፣ ማጂን፣ ብርሃነ ቆንጥርንና ያዩን። ከ600 በላይ የዕፅዋት ዝርያ ተመዝግቧል። የጣሪያውን ጉዳይ በጣም ግልጽ አድርጎ ያሳየኝ ግን ከፋ ውስጥ፣ ቦንጋ ደን ላይ ተሠርቶ በ2010 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ነው። ከሀረና ርቆ ቢሆንም ቡናውም ምንጣሮውም አንድ ዓይነት ነውና እንዋሰው።

ከፊል የጫካ ቡና በሆነው ደን ውስጥ ከጣሪያው ዛፎች ከመቶ 30 ያህሉ ተወግደዋል። ከሥር የነበረውም አብዛኛው ተመንጥሯል። ታዲያ የዝርያው ቁጥር ቀነሰ? አልቀነሰም። በ26 በመቶ ጨመረ!

መጀመሪያ ያነበብኩ ጊዜ ቁጥሩን ተገላቢጦሽ የጻፉት መስሎኝ ነበር። ግን ትክክል ነው። ጣሪያው ሲሳሳ ብርሃን ይገባል። ብርሃን ሲገባ በመንገድ ዳር፣ በማሳ ጠርዝ፣ በቤት ጓሮ የምናውቃቸው ሁሉ ይመጣሉ። ልብስ ላይ የሚጣበቀው ጭጎጎት፣ ተለንጁ፣ የማሳ አረሙ። ዝርያ ናቸው፤ ይቆጠራሉ። የደኑ የራሱ የሆኑት ግን ቀንሰዋል። የመጣው የትም ያለ ነው፣ የሄደው እዚያ ብቻ ያለ ነው። ለኔ ከዚህ ሁሉ ጥናት ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። "ስንት ዝርያ አለ?" ብሎ መጠየቅ ያሳስታል። "እነማን ናቸው?" ነው መጠየቅ ያለበት።

ገበሬውን ግን አንውቀስ። ያልተነካ ጫካ ውስጥ ያለ ቡና ምርቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጥላውን ሲያሳሳ ያድጋል። ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ቡና ባይኖር ኖሮ ያ ደን እስካሁን በቆሎ ሆኖ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቡናው ጥላ ስለሚፈልግ ዛፉ ቆሟል። ቡናው የደኑ ጠበቃም ነው፣ ከሳሽም ነው።

ችግሩ ይህ ነገር ከላይ አለመታየቱ ነው። ኢትዮጵያ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በወሰደችው ትርጉም መሠረት ደን ማለት ቢያንስ ግማሽ ሄክታር የሚሸፍን፣ ዛፉ ቢያንስ 2 ሜትር የሚረዝም፣ ጣሪያው ቢያንስ ከመቶ 20 እጅ የሚሸፍን ነው። ከሦስት ዛፍ አንዱ ተቆርጦበት፣ ሥሩ ሙልጭ ተደርጎ የተመነጠረ ከፊል የጫካ ቡና ይህን ፈተና ያለ ችግር ያልፋል። ሳተላይቱ ከሰማይ ሲያይ አረንጓዴ ያያል። ካርታ ላይ ደን ነው። ከሥሩ የሚያድግ ዝግባ እንደሌለ ሳተላይት አይነግረንም። የቆሙት ዛፎች ሲያረጁ ማን ይተካቸዋል? መልሱ ያለው ያቺ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ካሬ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፤ ቦታው ወይስ ዛፉ?

በ2019 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ነበር፤ በዓለም ዙሪያ ከደን ውስጥና ከደን ውጭ የተለካ ሙቀት ያሰባሰበ። በቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ሰዓት ከዛፍ ሥር ያለው ከሜዳው በአማካይ በ4 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ሌሊት ደግሞ በተቃራኒው ትንሽ ይሞቃል። ይህን ይዘን የቅድሙን ሒሳብ እንሥራው። በ100 ሜትር 0.6 ዲግሪ ካልን፣ 4 ዲግሪ ማለት ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ነው። ጣሪያውን ከቡናው ላይ ጨርሶ ያነሳ ሰው፣ በእኩለ ቀን ሙቀት ረገድ ቡናውን ከ600 ሜትር በላይ ወደ ቆላ እንዳወረደው ነው። ቡናው ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ሒሳቡ ሻካራ ነው፤ ማሳሳት ጨርሶ ማንሳት አይደለም፣ እርጥበትና ንፋስም አልተቆጠሩም። ቢሆንም አቅጣጫውን ያሳያል። ከፍታና ጥላ ሁለት የተለያዩ ዳኞች አይደሉም። አንዱ የሌላውን ሥራ ይሠራል። ዛፉ ራሱ የአየር ጠባይ ነው።

ይህ ነገር ለሀረና ወደፊት የበለጠ ይከብዳል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት የዱር አረቢካ ቡና አሁን ካለባቸው ተስማሚ ቦታዎች በ2080 (እ.ኤ.አ.) ቢያንስ ከመቶ 65 እጁ ተስማሚነቱን ሊያጣ ይችላል ብሎ ገምቷል። በከፋው መላምት ሁሉም ማለት ይቻላል። የ1,800ው መስመር ወደ ላይ ይሸሻል ማለት ነው። ቡናውም መከተል አለበት። ዝንጀሮና ወፍ ዘሩን ሊያወጡለት ይችላሉ። ታች የቀረው ቡና ግን ያለው መከላከያ አንድ ነው፤ ከላዩ ያለው ጣሪያ። ምርት ለመጨመር እየሳሳ ያለው ጣሪያ።

ስለ ከብት ሳልናገር ባልፍ የባሌ ሰው ይታዘበኛል። በባሌ ጎዳንቱ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ፤ ከብት እንደየወቅቱ ከቆላ ወደ ደን፣ ከደን ወደ ደጋ የሚዘዋወርበት። በበጋ ደኑ ውሃ አለው፣ ጥላ አለው፣ ሣር አለው። ከብቱ ቡቃያ ይበላል፣ ይረግጣል። ጎዳንቱ ግን አዲስ አይደለም፤ ደኑ ለብዙ ዘመን ከሱ ጋር ኖሯል። ከብቱ መጥቶ ይሄድ ነበርና ቡቃያው ፋታ ነበረው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ የሚሰፍር ሲበዛ ነው ፋታው የሚጠፋው። ስለዚህ በምርመራ ካሬው ውስጥ ችግኝ ሲጠፋ ጥፋተኛው ጥላ ነው፣ ገጀራ ነው ወይስ ከብት ብሎ መለየት ያስፈልጋል። አጥር አጥሮ ጥቂት ዓመት መጠበቅ አንዱ መንገድ ነው። በአጥሩ ውስጥ ከበቀለ ከብቱ ነበር። ካልበቀለም ወይ ብርሃኑ ወይ ዘሩ ነው።

ምን ይደረግ ለሚል፣ በኔ ግምት የሚያዋጣው ትንሽ ነገር ነው። ከቡናው ሥር ይመንጠር፤ ግን ሁሉም ቦታ በየዓመቱ አይመንጠር። የተወሰነ ጥግ በተራ ለጥቂት ዓመታት ይታለፍ። በሚመነጠረውም ውስጥ ቢሆን የጥቂት ዛፍ ችግኝ ላይ ክር ይታሰር፣ ገጀራው እንዲያልፈው። ለገበሬው ከአንድ ሄክታር ላይ ጥቂት ችግኝ መተው የቡናውን ምርት አይጎዳበትም። ምናልባት ከደን ጥበቃ ማኅበራት ስብሰባ ይልቅ የምንጣሮው ሰሞን አንድ ጠዋት ከገበሬው ጋር መዋል ይጠቅማል። ምክንያቱም ውሳኔው የሚወሰነው እዚያ ነው። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ሲያጭድ ከፊቱ ሁለት ቡቃያ አለ። አንዱ ቅጠሉ ሰፋ ያለና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ቡና ነው፤ እጁ ሳያስበው ያልፈዋል። ሌላው ቅጠሉ ቀጭንና ሹል ነው፤ ዝግባ ነው። ዝግባው ሦስት ዓመት ጥላ ውስጥ ቆሞ የቁርጭምጭሚት ቁመት ላይ ሊሆን ይችላል። ገጀራው ደግሞ በየዓመቱ ይመጣል።